የወለደች ውሻን ጤና መጠበቅ፦ ከምጥ ማግሥት ጀምሮ ቡችሎቿ ጡት እስኪተዉ

በጎንደር ከተማ ውሻ በአብዛኛው የምትያዘው ለግቢ ጥበቃ ነው። ስትወልድ የቤቱ ልጆች ቡችሎቹን ለማየት ይሻማሉ፤ ጎረቤትም «ወንዱን ለእኔ» እያለ ከወዲሁ ያስይዛል፤ እናቲቱን ግን «እሰይ፣ ተገላገለች» ከማለት ባለፈ ዞር ብሎ የሚመለከታት ሰው ጥቂት ነው። ይሁንና ለሕይወቷ አስጊ የሆኑት ሦስቱ የአራስነት ሕመሞች፣ ማለትም የማኅፀን ኢንፌክሽን፣ የጡት ብግነት እና የደም ካልሲየም ማነስ፣ በአብዛኛው የሚመጡት ከተገላገለች በኋላ ነው። ሦስቱም ቀደም ብለው ምልክት ያሳያሉ። ምልክቱን በጊዜ ማየት የሚችለው ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ሳይሆን በየዕለቱ አጠገቧ ያለው ሰው በመሆኑ ይህ መመሪያ የተጻፈው ለባለቤቷ ነው።

ከመውለዷ በፊት ጥቂት ነገሮችን በአንድ ካርቶን ውስጥ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ከፋርማሲ የሚገዛ ዲጂታል ቴርሞሜትር (ለሰው የማይውል፣ ለእርሷ ብቻ የተለየ)፣ ቫዝሊን፣ ጓንት፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ የታጠቡ አሮጌ ጨርቆች፣ ደብተር እና የእንስሳት ሐኪም ስልክ ቁጥር ይበቃሉ። ስልክ ቁጥሩን ሌሊት ለመፈለግ መነሣት እጅግ ዘግይቶ መነሣት ነውና አስቀድሞ ይጻፍ።

አንደኛ፦ የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት

ምጧ ያበቃው ትንፋሿ ሲረጋጋ፣ ጎኗን ጥላ ስታጠባና መጨናነቋን ስታቆም ነው። ቡችላ ሳይወጣ ከግማሽ ሰዓት በላይ በኃይል የምታምጥ ከሆነ በማኅፀኗ ውስጥ የቀረ ቡችላ ሊኖር ስለሚችል ሳይዘገዩ ሐኪም ይጥሩ። እያንዳንዱ ቡችላ የራሱ የእንግዴ ልጅ ስላለው የወጣውን መቁጠር ይጠቅማል፤ ሆኖም እናቲቱ ወዲያው ስለምትበላው ቁጥሩ ቢያመልጥዎት አይደንግጡ። አንድ ሁለቱን ብትበላ ጉዳት የለውም፤ ሁሉንም ከበላች ግን ሊያስመልሳትና ሊያስቀምጣት ስለሚችል የተረፈውን ያንሡ። ከብልቷ ተንጠልጥሎ የቀረ ነገር ቢታይ በፍጹም አይጎትቱ፤ ማኅፀኗን ሊጎዱት ይችላሉ።

ቀጥለው የኋላ እግሮቿን፣ ጅራቷንና ሆዷን ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉ። ጡቶቿን በዴቶል፣ በበረኪና ወይም በሳሙና ማጠብ አይገባም፤ ቡችሎቹ የሚጠቡት ያንኑ ነው። ንጹሕ ውኃና ለብ ያለ፣ ጨውም ሽንኩርትም ያልገባበት የሥጋ መረቅ ያቅርቡላት። በመጀመሪያው ቀን ልጆቿን ትታ መውጣት ስለማትፈልግ ሽንቷን ይዛ ትቆያለች፤ ስለዚህ በማሰሪያ ይዘው ለጥቂት ደቂቃ ያውጧት። ይህን ጊዜ ቡችሎቹ ሁሉ እንገሩን መጥባታቸውን ያረጋግጡ፤ ከበሽታ የሚከላከልላቸውን ነገር ከአንጀታቸው ወደ ደማቸው በብቃት የሚያስገቡት ከተወለዱ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው።

«አራስ ነብር» የሚባለው ለውሻም ይሠራል። የዋህ የነበረች ውሻ እንኳ በእነዚህ ቀናት ልትነክስ ትችላለችና የሚነካት አንድ የምታምነው ሰው ብቻ ይሁን፤ ሕፃናት ይራቁ። መውለጃዋ የጥምቀት ሰሞን ከሆነ፣ ከተማው በእንግዳ ስለሚጨናነቅና ግቢውም ስለሚንጫጫ፣ መኝታዋን አስቀድመው ወደ ጓሮ ክፍል ያዙሩት። የተረበሸች እናት ቡችሎቿን በአፏ ይዛ ከቦታ ቦታ ታንከራትታለች፤ በቂ ጊዜ ተኝታም አታጠባም።

ሁለተኛ፦ መኝታዋ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ይበርዳል። ቡችሎች በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የሰውነታቸውን ሙቀት ራሳቸው መጠበቅ ስለማይችሉ በመጀመሪያው ሳምንት የተኙበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊሞቅ ይገባል። እናቲቱ ግን በዚህ ሙቀት ውስጥ ስትውል ታለከልካለች፤ አልፎ ተርፎም ልጆቿን ጥላ ትወጣለች። መፍትሔው የመኝታውን አንድ ጥግ ብቻ ማሞቅ ነው፤ ሙቅ ውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥጉ ላይ ቢቀመጥና በየጥቂት ሰዓቱ ቢቀየር መብራት ቢጠፋም ያገለግላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስገባት ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም፤ ሰውን እንደሚገድል ሁሉ ውሻንም ይገድላል።

ሣጥኑ እናቲቱ እግሯን ዘርግታ የምትተኛበት ያህል ይስፋ፤ በውስጥ በኩል ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል የራቀ እንጨት በዙሪያው ቢመታ፣ ቡችላ በእናቱ ጀርባና በግድግዳው መካከል ተጨፍልቆ አይሞትም። ንጣፉ በየቀኑ ይቀየር። እርጥብና የቆሸሸ ንጣፍ ለጡት ብግነት ዋነኛ መንገድ ስለሆነ፣ በክረምት ጨርቅ በማይደርቅበት ጊዜ ከላይ ጨርቅ፣ ከሥር ደግሞ ተነሥቶ የሚጣል ጋዜጣ ማድረግ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ የጠዋት ምርመራ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በየጠዋቱ፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት፣ አራት ነገሮችን ይመልከቱ፤ ያዩትንም በአንድ መስመር ደብተርዎ ላይ ያስፍሩ። ደብተሩ ከንቱ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሐኪም «ከመቼ ጀምሮ?» ብሎ ሲጠይቅ በእርግጠኝነት የሚመልስ ባለቤት ብዙ አይደለም።

በመጀመሪያ ሁኔታዋን ይዩ። ስሟ ሲጠራ ጆሮዋን ታቆማለች? ምግብ ሲቀርብ ትነሣለች? ቡችሎቿን ትልሳለች? ጀርባዋን የሰጠቻቸው ወይም ከሣጥኑ ውጭ ብቻዋን የተኛች እናት አንድ ነገር አሟታል ብለው ይጠርጥሩ።

ሁለተኛው ሙቀቷ ነው። ቴርሞሜትሩን ቫዝሊን ቀብተው፣ ሌላ ሰው ጭንቅላቷን ይዞ እያባበላት፣ በፊንጢጣዋ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በቀስታ ያስገቡና እስኪጮኽ ይጠብቁ። ጤናማ ውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሙቀት አላት፤ በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጥቂት ከፍ ቢል ያለ ሌላ ምልክት አያሳስብም። ከ39.5 በላይ ሆኖ ከቀጠለ ግን ለሐኪም ማሳየት፣ 40 ከደረሰ ደግሞ በዚያው ዕለት መውሰድ ያስፈልጋል። የአፍንጫዋን እርጥበት ወይም የጆሮዋን ትኩሳት በእጅ ዳስሶ መገመት ቴርሞሜትርን አይተካም።

ሦስተኛው ከብልቷ የሚወጣው ፈሳሽ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ቀለሙ ከእንግዴ ልጁ የሚመጣ ነውና ጤናማ ነው። ከዚያ ወደ ቀይ ቡናማ እየተለወጠና እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለሦስት ለአራት ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ከቀለሙ ይልቅ ሽታው ይበልጥ ይናገራል፤ ጤናማው ፈሳሽ አይከረፋም። የሚከረፋ፣ መግል የመሰለ ወይም ወደ ግራጫ ያደላ ፈሳሽ ከትኩሳትና ከምግብ ማጣት ጋር ከታየ የማኅፀን ኢንፌክሽን ነው፤ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ይከሠታል፤ የቀረ የእንግዴ ልጅ ወይም የሞተ ቡችላም መነሻ ሊሆን ይችላል። ይህ በቤት ውስጥ አይታከምም። ትኩስ ደም በብዛት ከፈሰሳትም እንዲሁ ወዲያው ሐኪም ዘንድ ትሂድ። በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ በወለዱ ወጣት ውሾች ላይ ቀጭን ደም ከስድስት ሳምንት አልፎ ጠብ ጠብ ሲል ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይቆማል። ሆኖም መንገድ ለመንገድ በሚዘዋወሩ ውሾች መካከል በግንኙነት የሚተላለፍ የብልት እጢ ስላለና እርሱም ደም የሚያደማ ስለሆነ፣ «አራስነት ነው» ብሎ ወራት ከመጠበቅ ማስመርመር ይሻላል። ይህ እጢ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

አራተኛው ጡቶቿ ናቸው። ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ከስምንት እስከ አሥር ጡቶች አሏት፤ አንዱንም ሳይዘልሉ በእጅዎ ጀርባ ይዳስሱ። ጤናማ ጡት ሞላ ያለ፣ ለብ ያለና ለስላሳ ነው። ብግነት የያዘው ይደድራል፤ ያተኩሳል፤ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፤ ሲነኩትም ትሸሻለች፤ ታጉረመርማለች። የተጠራጠሩትን ጡት ጫፍ በቀስታ ጫን ብለው አንድ ጠብታ በነጭ ሳህን ላይ ያሳርፉ፤ ወተቱ ቢጫማ፣ ሮዝማ ወይም የረጋ ከሆነ ብግነት አለ ማለት ነው። ትኩሳት ሳይኖራት ጡቷ ብቻ ከጠጠረ፣ ወተት ተጠራቅሞ ሊሆን ስለሚችል በሙቅ ውኃ የተጨመቀ ጨርቅ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ያህል ያድርጉላት፤ ከዚያ ጠንካራውን ቡችላ በዚያ ጡት ላይ ያስጠጉ። በማግሥቱ ካልለሰለሰ ወይም ትኩሳት ከተጨመረ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያስፈልጋታል፤ ቡችሎቹ በዚያ ጡት ይቀጥሉ ወይስ ይከልከሉ የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። እዚህ ላይ የሚረሳ ትንሽ ሥራ አለ፤ ቡችሎቹ ሲጠቡ በፊት እግራቸው ጡቷን ይቧጥጣሉና የጥፍሮቻቸውን ሹል ጫፍ በሳምንት አንድ ጊዜ በጥፍር መቁረጫ ማሳጠር ይገባል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ቡችሎቹን በየቀኑ ይመዝኑ። ጤናማ ቡችላ ከስምንት እስከ አሥር ባሉት ቀናት ውስጥ የተወለደበትን ክብደት ያጥፋል። ሁሉም በአንድነት ክብደት መጨመር ካቆሙና ያለማቋረጥ ከጮኹ እናቲቱ ወተት አንሷታል ወይም ታማለች፤ አንዱ ብቻ ከቀረ ግን ችግሩ የእርሱ ነው።

አራተኛ፦ ምግብና ውኃ

የምታጠባ ውሻ የምግብ ፍላጎት ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከወትሮዋ አንድ ጊዜ ተኩል፣ በሁለተኛው እጥፍ፣ ወተቷ በሚበረታበት በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ደግሞ እስከ ሦስት እጥፍ መብላት አለባት። ይህን በአንድ ጊዜ ልትበላው ስለማትችል በቀን ለሦስት ወይም ለአራት ጊዜ ይከፈልላት። ለቡችሎች የሚሸጥ ደረቅ ምግብ ከተገኘ ለእናቲቱም የተስማማ ነው።

አብዛኛው ቤት የሚሰጣት ግን የእንጀራ ፍርፋሪና የተረፈ ወጥ ነው። እንጀራው ሆድ ይሞላል እንጂ ለወተት የሚበቃ ፕሮቲንና ስብ የለውም፤ ወጡ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ ሁለቱም ጥሬ ሆኑ የበሰሉ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ። ስለዚህ ለእርሷ ለብቻ ይቀቀል፦ ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ፣ የተቀቀለ የሥጋ ትራፊ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ጥቂት ጉበት፣ የተቀቀለ እንቁላል። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አይሰጥ። ሥጋና ሩዝ ብቻ ካልሲየም ስለሚያንሰው ምን ያህል እንደሚጨመርላት ክብደቷን ነግረው ሐኪሙን ይጠይቁ።

በዓል ላይ በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባ ወይም ጉበት ውሻዋን በኮሶ ትል ይበክላታል፤ ከእርሷም ዓይነ ምድር ወደ ቤተሰቡ ተላልፎ በሰው ጉበት ውስጥ ያንኑ ከረጢት ያሳድጋል። እንዲህ ያለው አካል ይቃጠል ወይም ውሻ በማትቆፍረው ጉድጓድ ይቀበር፤ ደህናው ደግሞ በደንብ ተቀቅሎ ይሰጣት።

ጾምን በተመለከተ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ አንዲት ውሻ ልጆቿን የምታጠባበት ጊዜም ስምንት ሳምንት ገደማ ነው። በቅበላ ሰሞን የወለደች ውሻ እንግዲህ ወተቷን በሙሉ የምትሰጠው ቤቱ ሥጋ በማያውቅበት ጊዜ ነው፤ ልኳንዳው ይዘጋል፤ የሚተርፈውም ሽሮ ነው። ጾሙ የሰው ነው እንጂ የእርሷ አይደለም። በዚህ ወቅት ብዙ ጊዜ ዋጋው ዝቅ የሚለው እንቁላል አንደኛው መፍትሔ ነው፤ ከጎርጎራ የሚመጣው የጣና ዓሣም እሾሁ ተለቅሞ ተቀቅሎ ሊሰጣት ይችላል፤ ማቀዝቀዣ ያለው ደግሞ ከቅበላ በፊት ትራፊ ሥጋ ገዝቶ ያስቀምጥላታል። ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ምስር ማጠናከሪያ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም።

ወተት የሚሠራው ከውኃ ነው። ጎንደር ውስጥ የቧንቧ ውኃ በተራ ስለሚመጣ ለእርሷ የሚሆን አንድ ጀሪካን ለይቶ ማስቀመጥ ቅንጦት አይደለም። የውኃ ዕቃዋ ቡችላ ገብቶ የማይሰምጥበት ዝቅተኛ ይሁን፤ ከሣጥኑም ብዙ አይራቅ።

አምስተኛ፦ ስትንቀጠቀጥ

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ያንብብ። ውሻ ከወለደች በኋላ፣ በተለይ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ወተቷ የሚወስደው ካልሲየም ደሟ ውስጥ ካለው በልጦ ሲገኝ የካልሲየም ማነስ ይደርስባታል። ሰውነቷ ትንሽ ሆኖ ብዙ ቡችሎች የምታጠባ ውሻ ይበልጥ ትጠቃለች። መጀመሪያ ዕረፍት ታጣለች፤ ትንጎራደዳለች፤ ሳይሞቃት ታለከልካለች። ቀጥሎ እግሯ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ጡንቻዋ ይርገበገባል፤ ለሃጯ ይዝረከረካል። በመጨረሻም ወድቃ ትንፈራገጣለች፤ ሙቀቷ ከ41 ዲግሪ ያልፋል፤ በሰዓታት ውስጥም ትሞታለች።

የምትንቀጠቀጥና ለሃጭ የምታዝረከርክ ውሻ ሲታይ በሰፈሩ የሚሰማው ፍርድ «አበደች» የሚል ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ያለ፣ ምልክቱ ከታየ በኋላም የማይድን በሽታ ነው። ነገር ግን ቡችላ የምታጠባ ውሻ እንዲህ ስትሆን ካልሲየም ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ግዴታ ነው፤ ትክክለኛው ሕክምና ከተሰጣት በደቂቃዎች ውስጥ ልትረጋጋ ትችላለችና። ሁለቱን በዓይን ብቻ በእርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል በጥንቃቄ ይሥሩ፦ እጅዎን ወደ አፏ አያስጠጉ፤ በአፏ ውኃም ወተትም አይጨምሩ፤ ቡችሎቹን ከአጠገቧ ያርቁ፤ መብራትና ጫጫታ ይቀንሱ፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ክትባቷንና የወለደችበትን ቀን እየነገሩ፣ ወደ ሐኪም ያድርሷት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ ስላለው የከተማው ነዋሪ በዚህ ረገድ ከብዙዎች የተሻለ ዕድል አለው።

ሐኪሙ ካልሲየሙን በደም ሥር፣ ልቧን እያዳመጠ፣ ቀስ አድርጎ ይሰጣታል። በፍጥነት ከገባ ልብ ያቆማል፤ በእንስሳት መድኃኒት ቤት ለላም የሚሸጠውን ካልሲየም ገዝቶ በቤት መውጋት የማይገባውም ለዚህ ነው። ከተረጋጋች በኋላ ቡችሎቹ ለአንድ ቀን ያህል አይጠቧትም። ለዚያ ጊዜ መሸጋገሪያ የሚሆን፣ በአንድ ኩባያ ሙሉ ስብ ባለው የላም ወተት ሦስት የእንቁላል አስኳልና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ተመትቶ፣ ለብ ብሎ ይሰጣቸው፤ ቡችላውን በሆዱ አስተኝተው እንጂ በጀርባው አንጋለው አያጥቡት፤ ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ሕመሙ እንዳይመጣ ብሎ በእርግዝናዋ ጊዜ ካልሲየም መስጠት ደግሞ ተቃራኒውን ያመጣል፤ ሰውነቷ ከራሱ አጥንት ካልሲየም ማውጣትን ስለሚያዘገም ከወለደች በኋላ ይብስባታል።

በዚህ መካከል የነከሰችው ሰው ካለ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ሰውየውም በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ይሂድ። ፀበል የሚሄድ ሰው ክትባቱን ወስዶ ይሂድ።

ስድስተኛ፦ መድኃኒት፣ ትልና ቁንጫ

ለሰው የሚታዘዝ ማስታገሻ፣ ማለትም ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ፣ አይሰጣት። የትል መድኃኒት ግን ግድ ነው፤ የውሻ ወስፋት ገና በማኅፀን ሳሉ፣ በኋላም በወተት ወደ ቡችሎቹ ስለሚተላለፍ፣ ቡችሎቹ በሁለት፣ በአራት፣ በስድስትና በስምንት ሳምንታቸው ሲሰጣቸው እናቲቱም አብራ ትወስዳለች። የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን ሐኪሙ ይዘዝ። ለከብት መዥገር የሚረጨውን መድኃኒት በአራስ ውሻ ላይ መርጨት ቡችሎቹን ይመርዛል፤ ቁንጫን በቀጭን ማበጠሪያ እየለቀሙ፣ ንጣፉን በፈላ ውኃ እያጠቡና ፀሐይ ላይ እያሰጡ መቀነስ ይቻላል።

ሰባተኛ፦ ጡት ማስጣል

ቡችሎቹን በአንድ ቀን ለጎረቤት አከፋፍሎ ግቢውን ባዶ ማድረግ ለእናቲቱ ከባድ ነው። ወተቷ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፤ ጡቷ ይጠጥራል፤ ብግነትም ይከተላል። ከአራተኛው ሳምንት አንሥቶ ለቡችሎቹ የላመ ምግብ ማስለመድ፣ እናቲቱንም በቀን ለጥቂት ሰዓታት ከእነርሱ መለየት፣ በዚያው ልክም ምግቧን በየሳምንቱ መቀነስ ይገባል። ቡችሎቹ ስምንት ሳምንት ከሞላቸው በኋላ አንድ አንድ እያሉ ቢሄዱ ይመረጣል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባታቸው በሦስት ወር እንደሆነ ለወሳጁ ይንገሩት። በመጨረሻው ሳምንት ጡቷ ቢሞላ አይለቡት፤ በታለበ ቁጥር ይሠራል።

ቡችሎቿ በሙሉ የሞቱባት ውሻም ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ይገባታል፤ ጡቷ በየቀኑ ይዳሰስ፤ ምግቧ ወዲያው ወደ ወትሮው ይመለስ።

ቀጣዩ የፍትወት ጊዜዋ ከወለደች ከአራት ከአምስት ወር በኋላ ሊመጣ ስለሚችል እስከዚያው ወገቧና የጎድን አጥንቷ ሥጋ መሙላቱን ይመልከቱ፤ ያላገገመች ውሻ ዳግም ብታረግዝ ይጎዳታል። ዳግመኛ እንድትወልድ ካልፈለጉ የማምከን ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው ጡቶቿ ደርቀው ከተመለሱ በኋላ ነው፤ ቀጠሮ ሲይዙ የመጨረሻው ቡችላ ጡት የተወበትን ቀን ከደብተሩ አውጥተው ለሐኪሙ ይንገሩ።